የመጨረሻው ሳይገባ የማይቀረቀር በር

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ እንደ ልማድሽ «ምንም አይደለም» እያልሽ ግድግዳውን ተደግፈሽ ነው የምትወጪው? ዓይንሽስ? መርፌው ክር አልቀበል ሲልሽ እታለምን ጥሪያት እንጂ መብራት ሥር አፍጥጠሽ ራስሽን አታድክሚ። አባባ ሳሉ ተሻለው? ቀልዱ እንዳልተሻለው አውቃለሁ፣ ለእሱ መድኃኒት አልተገኘለትም። እታለምስ? ፋርማሲ ቆማ ስትውል እግሯ እንደሚያብጥ ነግራኝ ነበር፤ ለሰው ሁሉ መድኃኒት ሸጣ ለራሷ መውሰድ የምትረሳ እሷ ብቻ ናት። ትንሿ ልጇስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ባይኖርብኝ ምንም አልጎደለኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እሱ እያለ ሌላው ሞልቷል ማለት ትርጉም የለውም።

በስልክ እየተነጋገርን ምን ወረቀት ላይ አስቀመጠህ እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ስናወራ እኮ ሁለታችንም እንዋሻለን። አንቺ «ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ፣ እኔ «በልቻለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ ሩቅ ያለ ሰው በጩኸት ብቻ የሚሰማ እየመሰለሽ ስትጮኺ አባባ «ቀስ በይ፣ ልጅሽ ምሳ መብላቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ» ይላል፤ መስመሩም ይቋረጣል። ዛሬ የምነግርሽ ነገር ግን ሳይቋረጥ መሰማት አለበት። መነጽርሽ እስኪገኝ እታለም እንደምታነብልሽም አውቃለሁ። እታለም፣ የአንቺ ስም የሚነሳበት ቦታ አሁን ልትደርሺ ነው፤ እንዳትዘልዪው። እማዬ፣ ድምጿ ዝቅ ካለ ወይም ገጹን ቶሎ ከገለበጠችው ወረቀቱን ተቀብለሽ ለአባባ ስጪው።

ነገሩ የበራችን ነገር ነው። ሌባ ኮሪደሩ ድረስ ገብቶ የአባባን ሬዲዮና የእኔን አሮጌ ጫማ ይዞ እንደሄደ እታለም ነግራኛለች። በሩ ሳይቀረቀር እንደነበረም፣ ከዚያም በኋላ አንቺ አልቀረቅርም እንዳልሽም ነግራኛለች። አትቆጫት፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ልትይዘው ሞክራ ነበር፣ ግን አባባ በዚህ ሳሉ በሩ በነፋስ ሲንቋቋ እየሰማች ስታድር መቻል አቃታት። ለሬዲዮው አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ለዚያ ሶሉ ለተላቀቀ ጫማዬ ግን እንዳለቀስሽ ጻፈችልኝ። መጨረሻ ላይ «አንተ ካልነገርካት የማንንም አትሰማም» አለችኝ። ይህን ካነበብኩ ሰነበትኩ፣ ግን መልስ አልላክሁላትም። ለምን እንዳልላክሁ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን በዚሁ ሰሞን ሥራ ቦታ ስለገጠመን ጣጣ ልንገርሽ፤ እሱም የበር ጣጣ ነው።

ሰው «ልጅሽ እዚያ ምን ይሠራል?» ሲልሽ «ኮምፒዩተር ይጠግናል» እንደምትይ ሰምቻለሁ። ብዙም አልራቅሽም፤ እኔ የማደርገው ኮምፒዩተሩ የሚታዘዝበትን ነገር ማሰናዳት ነው። ቢሯችን ከጎማ መሸጫ በላይ ነው። ደረጃው የአዲስ ጎማ ሽታ አለው፣ ከታች የንፋስ መሙያው ሲነሳ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። የምንሠራው በስልክ የሚታዘዝ የቤት በር ቁልፍ ነው። በላይኛው ፎቅ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት ይቀመጣሉ፤ በታችኛው ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ የምንወስነው። የላይኞቹ አለቃ የምርት ኃላፊዋ ናት። ፈጣን ሴት ናት፣ ስትራመድም ስታወራም። የወሰነችውን ሁሉ ባለቀለም ወረቀት ላይ እየጻፈች ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍ እኛ ከታች ያለነው «ባለወረቀቷ» እንላታለን። እኔ ደግሞ የሶፍትዌሩን ንድፍ አውጪ ነኝ፤ መሠረቱ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚሸከም የምለው እኔ ነኝ። የእኔ ንድፍ ያለው በእኛው ፎቅ ነጭ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጥጉ ላይ «እንዳይጠፋ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በእሷ ግድግዳና በእኔ ሰሌዳ መካከል አንድ ደረጃ ብቻ ነበር፣ ግን በዚያ ደረጃ የሚወጣም የሚወርድም ሰው አልነበረም።

አንቺ ሱቅሽ ውስጥ ደንበኛውን ታናግሪያለሽ፣ ትለኪዋለሽ፣ ትቆርጫለሽ፣ ትሰፊያለሽ፤ ሁሉም አንቺው ነሽ። እኛ ቢሮ የሚያናግረው አንዱ፣ የሚቆርጠው ሌላው ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ኪሱ ጀርባ ላይ ይወጣል።

መጀመሪያ ከላይ የመጣልኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «ማታ በሩ በራሱ ይቆለፍ» ይላል። ማታ ማለት መቼ እንደሆነ ማንም አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? በር መቼ እንደሚቀረቀር እኮ ከሕፃንነቴ ጀምሬ አውቃለሁ፤ የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው። አንቺ በሩ አጠገብ ያቺን ጀርባዋ የጎበጠ ወንበር ስበሽ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨርቁ ላይ አንዱን ደፉ ላይ በተደረደረው ጫማ ላይ ጥለሽ ስትጠብቂ ነው ያደግሁት። ጫማው ሲሞላ ትነሺና መቀርቀሪያውን ትገፊዋለሽ። የሚጎድለው ጫማ ሁልጊዜም የእኔ ነበር። አባባ «ጅቦ» ብሎ ስም ያወጣልኝም በዚያ የተነሳ አይደል? «ተኚ እንጂ፣ ጅብ መንገድ አይጠፋውም» ሲልሽ አንቺ «የመጨረሻው ሳይገባ በር አይቀረቀርም» ትይዋለሽ። እማዬ፣ ባለፈው ቁጭ ብዬ ሳስበው አንድ ነገር ገረመኝ፤ በዕድሜዬ የቤታችንን በር አንኳኩቼ አላውቅም። ገፍቼው ነው የምገባው።

እና ያንኑ ጻፍኩት። ቤቱ ውስጥ የተመዘገቡት ሰዎች ስልክ ሁሉ ከገባ በሩ ይቆለፋል፣ የደጁ መብራት ይጠፋል፣ ለሁሉም «ሁሉም ገብቷል» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ውጭ የሚያድር ሰው ካለ «ዛሬ አልመጣም» የምትል ነገር ስልኩ ላይ ይነካል፣ በሩም አይጠብቀውም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፕሮግራመር አለ፣ ቀኑን ሙሉ ስለማይናገር «ዝምተኛው» እንለዋለን። እሱ እንኳ ዝምታውን ሰብሮ «ለመጠባበቂያ ሰዓት እንጨምርበት፣ ከመሸ በራሱ ይዘጋ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «በር በሰዓት አይዘጋም፣ በሰው ነው» አልኩት። የአንቺ ልጅ አይደለሁ? ሰዎች ወደዱት። አንዲት ደንበኛ «ሁሉም ገብቷል የሚለውን ሳላነብ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላ ጻፈችልን። ባለወረቀቷ ያንን ደብዳቤ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። በሩ የሚዘጋው ግን በሰዓት ይመስላት ነበር፤ መልእክቱና ቁልፉ በአንድ ምሰሶ ላይ መቆማቸውን አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሥራ የሚሠራ ነገርን ማን ያብራራል?

ከዚያ ቢጫዋ ወረቀት መጣች። «ሩቅ አገር ያለ ልጅም ሁሉም ገብቷል የሚለውን ይይ» ትላለች። እውነቴን ነው፣ ሳነባት ሆዴ ባባ። እኔ ከዚህ ሆኜ አንቺ፣ አባባ፣ እታለምና ትንሿ መግባታችሁን አውቄ መተኛትን አሰብኩ። ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ ወረቀቷን እንደ ልጅ እንጂ እንደ ንድፍ አውጪ አላነበብኳትም። «በርታ» ብዬ ለዝምተኛው ሰጠኋት። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የሰው ዓይነት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የቤቱ ሰው። ስለዚህ ዝምተኛው ሩቅ ያሉትን ሁሉ የቤቱ ሰው አድርጎ አስገባቸው። ሁላችንም ተጨባብጠን ወደየቤታችን ሄድን።

በሮቹ ጠበቁ። የመጨረሻው ሰው አልገባማ! ባሕር ማዶ ያለ ልጅ እስኪመጣ ድረስ አንድም ቤት ሳይቆለፍ፣ የደጁ መብራት እንደበራ አደረ። ጠዋት ስንገባ ስልክ የምትመልሰው ባልደረባችን ሁለቱንም ጆሮዋን ይዛ ቁጭ ብላለች። ደግነቱ ሌባ ስለ እኛ ስህተት አልሰማም ነበር። እናንተ ቤት የመጣው ሌባ ምናልባት እዚህ ሥራ ቢቀጠር ከእኛ ቀድሞ ይነቃበት ነበር።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ባለወረቀቷ «በር እንዴት ባሕር ማዶ ያለ ሰው ይጠብቃል?» ትለኛለች። እኔ «ባሕር ማዶ ያለውን ሰው ቤት ውስጥ ያስገባው ማነው?» እላታለሁ። እሷ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ እኔ ወደ ላይኛው ፎቅ እየጠቆምን የእምዬን ወደ አብዬ ስናላክክ ሥራ አስኪያጁ ሰለቸውና ቶሎ የሚያበርድ ነገር አምጡ አለ። አመጣን። ለሩቆቹ ልጆች «በየቀኑ ማታ ማታ 'ዛሬ አልመጣም' የምትለውን ይንኩ» የሚል መልእክት ላክንላቸው። እነሱ ከነኩ በሩ መጠበቁን ይተዋል። በዚያ ሰዓት ብልሃት መስሎን ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ነው። በነጋታው የመጣው ስልክ ከፊተኛው ባሰ። በሩ ተቆልፏል፣ መብራቱ ጠፍቷል፤ ሰዎቹ ግን ይደውላሉ። ስልክ መላሿ ደረጃውን ወጥታ መጥታ አንዲት ትልቅ ሴት ያሏትን ነገረችን። ሴትዮዋ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ልጄ እንደማይመጣማ አውቃለሁ። በየማታው የምትነግሩኝ ለምንድን ነው?» ነው ያሉት። ለካ አንድ ልጅ «ዛሬ አልመጣም» ሲል መልእክቱ ለእናቱ ይደርሳል። እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሰው ውጭ ሲያድር ቤት ያለው እንዳይጨነቅ ብዬ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። እዚያ ለሙከራ የምንጠቀምባቸው አሮጌ ስልኮች አሉ። የሙከራ ቤት መዝግብ ሲባል ሌላው ሰው «ቤት አንድ»፣ «ሰው ሁለት» እያለ ይጽፋል፤ እኔ ግን ከጅምሩ የእኛን ቤት ነበር ያስገባሁት። አንዱ ስልክ ላይ «እማዬ» ይላል፣ አንዱ ላይ «አባባ»፣ ያኛው «እታለም»። በራሴ ስልክ «ዛሬ አልመጣም» የምትለዋን ነካሁ፣ እንዴት እንደሚደርስ ለማየት ብዬ። «እማዬ» የሚለው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠና በራ። «ልጅዎ ዛሬ አይመጣም» ይላል። እማዬ፣ ስልኩ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ግን አንጀቴ አላወቀም። ፊቴን ልታጠብ የሄድኩ አስመስዬ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ እንደገና ሰበሰበንና «ሩቅ ያሉትን በሙሉ አውጧቸው፣ ከቤቱ ይሰረዙ፣ ነገሩ ይዘጋ» አለ። እኔ «አይሆንም» ስል ባለወረቀቷም በአንድ አፍ «አይሆንም» አለች። እርስ በርስ ተያየን። እዚያ ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ እኔና እሷ የተስማማንበት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

ከስብሰባው ስንወጣ ወረቀቶቿን ከግድግዳው ነቃቅላ በእቅፏ ይዛ ወደ ታች ወረደች። ሰሌዳዬ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ይህን 'የመጨረሻው ሳይገባ' የሚል ደንብ እኔ አላዘዝኩህም። ማን ነው ያዘዘህ?» አለችኝ። «እናቴ» አልኳት። ሳቀች፤ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። ስለ ወንበርሽ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ መቀርቀሪያው ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ «አሁንስ? አንተ እዚህ ሆነህ እናትህ በሩን ይቀረቅራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእታለም መልእክት ስልኬ ውስጥ ነበር። አልዋሸኋትም። ስለ ሌባውም ስለ ጫማዬም ነገርኳት። ወደ ሰሌዳዬ ዞራ አየችና «ታዲያ እናትህ የኛው ሶፍትዌር ናቸዋ!» አለች። ልቆጣት ነበር። አንቺን በቁልፍ ሶፍትዌር ስትመስልብኝ ዝም ልል ነው? ግን እማዬ፣ ቁጣው አፌ ላይ ሳይደርስ ሳቅ ቀደመኝ። ልክ ናት። አንቺም እንደ ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ትጠብቂያለሽ፤ የመጨረሻው ደግሞ አይመጣም፤ በሩም ክፍት ነው።

እዚያው ሰሌዳ ፊት ተቀምጠን አንድ ሳጥን ውስጥ የጨመርነውን ነገር አወጣነው። ሁለት ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው የቤቱ ሰው ማነው የሚለው ነው። ሌላው ዛሬ ማታ የሚጠበቀው ማነው የሚለው ነው። እኔ ሁለቱንም አንድ አድርጌ ነው መሠረት ያፈሰስኩት፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ሁልጊዜም አንድ ነበሩ። የቤቱ ሰው የሆነ ሁሉ ማታ ይገባ ነበራ። እሷ ደግሞ አንዱን ብቻ አይታ ሌላውን ሳትነካ የምትጨምርበት መስሏት ነበር። መለየቱ ቀላል ሥራ አልነበረም። እኔ የምኮራበትን መሠረት አፈረስኩ፤ እሷ ለደንበኞች ቃል የገባቻቸውን ሁለት ነገሮች ተወች፣ ለሥራ አስኪያጁም ራሷ ቀርባ ነገረችው። ዝምተኛው «ሰዓት እንጨምርበት ብዬ ነበር» አለ፤ ሁለታችንም የሰማን አልመሰልንም።

አሁን የእሷ ግድግዳና የእኔ ሰሌዳ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ናቸው። ወረቀት ልትለጥፍ ስትነሳ እኔ «እዚያ ላይ ምሰሶ አለ» እላታለሁ፣ እኔ መሠረት ልቆፍር ስል እሷ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» ትለኛለች። ዓይንና ናጫ የነበርነው አሁን እጅና ጓንት ሆነናል ብልሽ አባባ አያምነኝም። እንጣላለን። ግን ሳይቃጠል በቅጠል ሆኖ ነው የምንጣላው፣ በሩ ሰው ቤት ሳይሄድ እዚሁ ወረቀቱ ላይ እያለ።

አዲሱን የሞከርነው በእኛው ቤት ላይ ነው፤ በሙከራው ቤት ማለቴ ነው። «እማዬ» የሚለውን ስልክ አስገባን፣ «አባባ»ን፣ «እታለም»ን። ባለወረቀቷ ከጀርባዬ ቆማ ታያለች። ሁሉም እንደገቡ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ቁልፍ ቀጭ አለና ተዘጋ። የእኔን ስም ፈለግሁት። ከእናንተ ስም በታች አለ፤ አልተሰረዘም፣ አልደበዘዘም። አጠገቡ «ሩቅ ነው» ይላል፣ ያቺን ቃል የመረጠችው እሷ ናት። በሩ ተዘግቷል፣ እኔም የቤቱ ልጅ ነኝ። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

እማዬ፣ አሁን ለእታለም ለምን እንዳልመለስኩላት ልንገርሽ። በሩን እንዳትቀረቅሪው ስለፈለግሁ ነው። አባባ እያሳለው፣ ሌባ ገብቶ እንኳ፣ ልቤ እንዳትቀረቅሪው ይፈልግ ነበር። የእኔን ክፍል በስልክ አሳይቼሻለሁ፤ መስኮቷ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። በሯ ከኋላዬ በራሱ ይዘጋል። ስገባ «መጣህ?» የሚለኝ ሰው የለም። ቦርሳዬን አስቀምጬ መብራቱን ሳላበራ የምቀመጥበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ራሴን የማጽናናው የእኛ ቤት በር ገና አልተቀረቀረም እያልኩ ነበር። አንድ ቦታ አንድ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ስለዚህ ገና አምሽቼ እንጂ ሄጄ አይደለም እል ነበር። የምትቀረቅሪው ቀን በቃ፣ ሄደ ያልሽ ይመስለኝ ነበር። ለአንቺም ሳይመስልሽ አልቀረም። ለዚያ አይደል እጅሽ መቀርቀሪያው ላይ ሲደርስ እምቢ የሚልሽ?

መቼ እንደምመጣ አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ወረቀት ላይ የምጽፈው ላለመዋሸት ብዬ ነውና። የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ሳያልቅልኝ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረኝም ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ቀርቅሪው እማዬ። ዛሬውኑ፣ ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሺና ግፊው። ወንበሩንም ከበሩ አንስተሽ ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ውሰጂው፣ ለዓይንሽም ይሻላል። ቀርቅረሽ ስትተኚ እኔን ውጭ አልተውሽኝም። እኔ ከአንቺ ልብ ደጅ አድሬ አላውቅም። ለጫማውም አታልቅሺ፤ ሌባው ሁለት ቀን ሳያደርገው ጥሎት ይሆናል። በምትኩ ሌላ ገዝተሽ ደፉ ላይ እንዳታስቀምጪ አደራ። እዚህ በእግር እየተመላለስኩ እግሬ ሰፍቷል፣ ቁጥሬን አታውቂውም።

ለአባባ ሰላምታዬ ይድረሰው። ሬዲዮውን ስላጣ ዜናውን ራሱ እየፈጠረ ያወራል መባሉን ሰምቻለሁ፤ ከሬዲዮው ዜና ይሻላል ይላሉ። ሻሉን አንገቱ ላይ ጠቅልሎ ይተኛ። እታለምን ሳምሻለሁ በይልኝ፤ ድምፅሽን ሳትቀንሺ እዚህ ከደረስሽ እታለም፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። ለትንሿ የወደቀውን ጥርሷን ማንም እንደማይሰርቅባት ንገሩልኝ፤ በሩ ይቀረቀራል። ከግድግዳው ማዶ ላለችው ጎረቤታችንም ሰላም በይልኝ።

ለአንቺ ግን ሰላምታዬን በእጄ ነው የማመጣው። አንድ ቀን፣ በሩ እንደተቀረቀረ፣ መጥቼ አንኳኳለሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጉልበትሽን እንዳያምሽ አትቸኩዪ፣ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ እጠብቃለሁ፤ አሁን የመጠበቁ ተራ የእኔ ነው። ከውስጥ «ማነው?» በይ። እኔም «እኔ ነኝ» እላለሁ። ያኔ እማዬ፣ እንደ እንግዳ «እኔ ማ?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ልጅሽ ጅቦ

መስኮቷ ግድግዳ ከሚያየው ክፍሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ